ሊጣስ የማይችል ሕግ

ሊጣስ የማይችል ሕግ ሕግ ነው ወይ? ውኃ ወደ ቁልቁለት ይፈስሳል፤ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ተመልሶ ይወድቃል፤ ይህንንም ሕግ ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን ድንጋዩን በመውደቁ ያመሰገነው የለም፤ ወድቆ ሰው ቢፈነክትም ፍርድ ቤት ያቆመው የለም። ድንጋይ ይወድቃል እንጂ አይታዘዝም። መታዘዝ የሚባለው ነገር እንቢ ማለት ለሚችል ፍጡር ብቻ የሚነገር ነው። በተቆለፈ ካዝና ፊት ቆሞ ያልሰረቀ ሰው ታማኝ አይባልም፤ ታማኝነቱ የሚለየው ቁልፉ በእጁ ሆኖ ዘበኛው በሌለበት ሰዓት ነው። እንዲህ ከሆነ የሰው ሕግ ከተፈጥሮ ሕግ የሚለይበት ምልክት ያ ድክመት የምንለው ነገር፣ መጣስ መቻሉ፣ ሊሆን ነው። በዘመናችን ደግሞ ሕግን ከዚህ ድክመቱ እናድነዋለን የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። የሚያድኑት ሕጉን ነው ወይስ በስሙ ሌላ ነገር እየተኩ ነው? ይህ ጥያቄ ከያዘኝ ሰንብቷል።

በአገራችን አንድ አሮጌ ጥሪ አለ፦ «በሕግ አምላክ!» ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ሲያነሡ ከዳር የቆመ ሰው፣ ምናልባትም ምንም ጉልበት የሌላት አሮጊት፣ ይህን ቃል ትጮኻለች። የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቀራል። ሁልጊዜ ይቀራል አልልም፤ ቃሉን ሰምተው የመቱም አሉ። ግን ብዙ ጊዜ መቅረቱ ራሱ ሊያስደንቀን ይገባል። ቃሉ እጅ የለውም፣ ካቴና የለውም፤ ጉልበቱ ያለው በሰሚው ውስጥ ነው። የተቆጣው ሰው በቁጣው መካከል ከእርሱ የሚበልጥ ነገር እንዳለ ያስታውሳል፤ አስታውሶም ራሱን በራሱ ይገታል። ስለዚህ ሕግ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ጆሮ ነው። ከፍትሐ ነገሥት እስከ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ድረስ የተጻፈው ሁሉ፣ የሚሰማ ሰው ካላገኘ በወረቀት ላይ ያለ ቀለም ነው።

ብሎክቼይን የተባለው ቴክኖሎጂ የተወለደው ከዚህ በተቃራኒ ካለ ሐሳብ ነው፦ ሰው ይሰማል ብለህ አትመን። እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሸሸገ ሰው ባሰራጨው አጭር ጽሑፍ፣ ባንክ መካከል ሳይገባ ሰዎች ገንዘብ የሚለዋወጡበትን መንገድ አሳየ፤ በ2009 መጀመሪያ ቢትኮይን የተባለው የዚህ ገንዘብ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ተጻፈ። አሠራሩን ለማሰብ አንድ የሒሳብ መዝገብ እንውሰድ። እያንዳንዱ ገጽ ከእርሱ በፊት ያለውን ገጽ አሻራ ይዞ ይጻፋል፤ ስለዚህ የትናንቱን አንድ ቁጥር የነካ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ገጾች ሁሉ ያፋልሳል። መዝገቡም በአንድ ሹም መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቅጂው በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ተበትኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከገንዘብ ሌላ ውልም እንዲጻፍ አደረገ። ይህ ውል ፈጻሚ አይፈልግም፤ የተባለው ሁኔታ ሲሟላ ራሱን በራሱ ይፈጽማል። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ መስፋቱ አልቀረም። ውል ራሱን ካስከበረ ማኅበር ለምን ራሱን አያስተዳድርም? ማኅበር ከተቻለ ከተማስ? መንግሥትስ?

ይህን ተስፋ የሚንቅ ሰው በአንድ ቢሮ በር ላይ ቆሞ «ፋይሉ ጠፍቷል፤ ነገ ተመለስ» ተብሎ የማያውቅ መሆን አለበት። እኔ ተብያለሁ፤ ነገም ተመልሻለሁ። ያን ጊዜ ሰው የሚመኘው ሩኅሩኅ ሹም አይደለም፤ ሹም የማያስፈልገው መዝገብ ነው። የአባቱ ይዞታ ወሰን በአንድ ሌሊት ብዕር የተሻገረበት ገበሬ፣ ዓመታት የተማረችበትን ዲግሪ በገንዘብ ከተገዛ ወረቀት ጋር እኩል ተሰልፋ የምታቀርብ ወጣት፣ «የማይደለዝ መዝገብ መጣ» ሲባሉ ልባቸው ቢሞቅ ሊገርመን አይገባም። በ2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በካርዳኖ ብሎክቼይን ላይ ለማስፈር ዕቅድ እንዳለው ሲነገር፣ የዜናው ጉልበት ያለው በቁጥሩ ውስጥ አልነበረም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ባደከማት አገር ውስጥ መነገሩ ነበር። አለማመን ከክፋት ብቻ አይወለድም፤ ከቁስልም ይወለዳል። በቁስሉ የሚናገረውን ሰው ደግሞ መጀመሪያ ማዳመጥ ይገባል።

አዳምጠን ስናበቃ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ግድ ነው። የማይደለዝ መዝገብ የተጻፈበትን ይጠብቃል፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። መምህሩ 40 ያገኘውን ተማሪ 90 ብሎ ካስገባው፣ መዝገቡ ያንን 90 ከማንም መዝገብ ቤት ሠራተኛ በበለጠ ጥንካሬ ይጠብቀዋል። ወሰኑ ከመመዝገቡ በፊት የተገፋበት ገበሬ የደረሰበት ግፍ አሁን ማኅተም ያገኛል። እንግዲህ ቴክኖሎጂው ታማኝነት አያስፈልግም ሊያሰኝ አይችልም፤ ታማኝነት የሚፈለግበትን ቦታ ከመዝገብ ቤቱ ወደ መጀመሪያዋ የብዕር ጠብታ አዛወረው እንጂ። ማዛወሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሰውን ከነገሩ አውጥተነዋል ብለን ስንፎክር፣ ሰውየው በሌላ በር ገብቶ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚያውቀውን አንድ ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። በአማርኛ «አመነ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ሰው በሌላው ሰው ላይ ልቡን ሲጥል አመነ ይባላል፤ በፍርድ ፊት ቆሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲልም አመነ ይባላል። ማመን ልብን መጣልም ነው፣ ጥፋትን መቀበልም ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መዋላቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ማንም የሚታመነው ሲያጠፋ የሚያምን ሲሆን ነውና። ያለ መተማመን የሚሠራ ሥርዓት ሠራን የሚሉት ሰዎች የመጀመሪያውን ማመን ለማስቀረት ተነሡ። ሁለተኛው ማመን አብሮ እንደሚሄድ ያስተዋሉ አይመስልም። ማሽኑ አይዋሽም፤ ሆኖም ሲሳሳት ደግሞ የሚያምን የለውም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢቴሪየም ላይ «ዘ ዳኦ» የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። ሥራ አስኪያጅ የለውም፣ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁን ቆጥሮ የሚፈጽመው የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር፣ ማለትም የኢቴሪየምን ገንዘብ፣ አዋጡ። የማኅበሩ መግለጫም በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ስለ ማኅበሩ በሰው ቋንቋ የተጻፈው ሁሉ ማብራሪያ ብቻ ነው፤ ከፕሮግራሙ ጋር ቢጋጭ የሚጸናው ፕሮግራሙ ነው። በሰኔ ወር አንድ ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ ስንጥቅ አገኘ። ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ሰጥቶ ወጪውን ገና መዝገብ ላይ ሳያሰፍር፣ ያው ሰው እጁን እንደገና ቢዘረጋ ምን ይሆናል? መዝገቡ ገና አልተከፈለህም ይለዋል፤ እንደገናም ይከፍለዋል። በዚህ መንገድ 3.6 ሚሊዮን ኢተር ወጣ።

ይህ ሰው ሌባ ነው? በማንኛውም የገበያ መንደር ቢጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው። በማኅበሩ በራሱ ሕግ ግን ሰውየው አንዲት ፊደል አልጣሰም። ፕሮግራሙ ሕግ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የፈቀደው ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ፕሮግራሙ የማይፈቅደውን ማድረግ ደግሞ ቀድሞውኑ አይቻልም። እንግዲህ በዚያ ዓለም ውስጥ ወንጀል የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ይህን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል። ሊጣስ የማይችል ሕግ ሌብነትን አያጠፋም፤ ሌብነትን ሌብነት የምንልበትን ቃል ነው የሚያጠፋው። የተበደለው ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን «ተበደልኩ» የማለት ሥልጣኑንም ይነጠቃል።

ሰዎቹ ግን ዝም አላሉም። የወጣው ገንዘብ በፕሮግራሙ በራሱ ደንብ ምክንያት ለ28 ቀናት ያህል ሊንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሆነው ነገር ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ልቤን ይይዘዋል። ዳኛ አያስፈልገንም ብለው የተሰበሰቡ ሰዎች ሸንጎ ተቀመጡ። ገሚሱ «መዝገቡ አንዴ ከተከፈተ ነገ ማን ይዘጋዋል?» አለ። ገሚሱ «በዓይናችን እያየን ዘረፋን እንዴት ሕግ እንለዋለን?» አለ። ባለ ኢተሮች ድምፅ ሰጡ፤ ከተሰጠው ድምፅ የሚበዛው ገንዘቡ ይመለስ አለ፤ ድምፁ የተቆጠረው ግን በሰው ራስ ሳይሆን በያዙት ገንዘብ ልክ ነበር፣ ከጠቅላላው ኢተር የተሳተፈውም ጥቂቱ ነበር። በሐምሌ ወር አጋማሽ ላይ የማይለወጠው መዝገብ ተለወጠ፤ ገንዘቡም ለአዋጪዎቹ እንዲመለስ ተደረገ። ለውጡን ያልተቀበሉት ደግሞ በቀድሞው መዝገብ ላይ መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ ኢቴሪየም ክላሲክ ተባለ። ማን ትክክል ነበር? እኔ ከመላሾቹ ጋር ነኝ። ግን እምቢ ያሉትን መናቅ አልችልም፤ ቃላቸውን የጠበቁት እነርሱ ናቸውና።

ከማውቃቸው ማኅበሮች ሁሉ ለዚህ ማሽን የሚቀርበው ዕቁብ ነው። መዋጮው የተወሰነ ነው፣ ቀኑ የተወሰነ ነው፣ ዕጣው ለማንም አያዳላም፤ የወሰደ ሰው እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ይህን ሁሉ በፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ምናልባት ከጸሐፊው በተሻለ ይሠራዋል። ነገር ግን ዕጣው ለአንዱ በወጣበት ቀን ሌላው እናቱ ታማ ሆስፒታል ተኝታበት ቢመጣስ? የዕቁቡ ዳኛ ባለ ዕጣውን ያየዋል፤ ባለ ዕጣው መሬት መሬት ያይና «ይውሰድ፣ የእርሱን ተራ እኔ እወስዳለሁ» ይላል። አሁን ሕጉ ተጣሰ ወይስ ተፈጸመ? «በሽታ ያለበት ይቅደም» ብለን ፕሮግራሙ ላይ እንጨምር ይባል ይሆናል። እንጨምር። በሽታ ምን ያህል ሲጠና? በማን ማስረጃ? ማስረጃው ሐሰት ቢሆንስ? ለእያንዳንዱ ልዩ ሁኔታ ደንብ ስንጽፍ፣ ደንቡ ራሱ ሌላ ልዩ ሁኔታ ይወልዳል፤ በመጨረሻም አንድ ቦታ ላይ «ዳኛው እንዳየው» ብለን መጻፍ ይኖርብናል። ደንብ እስከ ጫፉ ቢሄድ የሚያገኘው ሰውን ነው።

አርስቶትል ይህን ችግር በቤት ሠሪዎች ምሳሌ አይቶት ነበር፦ በሌስቦስ ደሴት ያሉ ግንበኞች ሸካራ ድንጋይ የሚለኩበት መለኪያ ከእርሳስ የተሠራ ስለ ነበር እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፋል። ሕግ ለሁሉ የተነገረ በመሆኑ የአንዱን ሰው ጉዳይ ሊስት ይችላል፤ ያን ጊዜ መታጠፍ የሚችል መለኪያ ያስፈልጋል። የእኛ የሕግ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቃል ርትዕ ነው፤ ርትዕ በግእዝ መቅናት ነው። ግሪካዊው መታጠፍ ያለውን ግእዝ መቅናት አለው። እንዴት አንድ ነገር ታጥፎ ይቀናል? ምናልባት ቀጥተኛነቱ የሚለካው ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን በፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ስለ ሆነ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን የተቃራኒዬን ክርክር ራሴ ካላነሣሁ እውነቱን ደብቄአለሁ። ርትዕ የሚገባበት በር ጉቦም የሚገባበት በር ነው። ለታመመችው እናት የታጠፈው ደንብ ለወንድም ልጅም ይታጠፋል። እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በፍርድ ያልረካ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት አቤት ይል ነበር፤ በዚያ ችሎት ምሕረት ተገኝቷል፣ ግን የአንድ ሰው ልብ የአገር ሕግ የመጨረሻ ማረፊያ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ማንም አያጣውም። ብሎክቼይን ይህን በር ደፍኖታል። ምሕረትን አጥቶ ጉቦን ማጣት ለአንዳንድ አገር፣ በአንዳንድ ዘመን፣ ርካሽ ዋጋ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔም አንዳንድ ቀን መስሎኝ ያውቃል። ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ የዘ ዳኦ ታሪክ ነው፤ በሩ እንዳልተደፈነ ያሳየን እርሱ ነውና። በሩ ተሸፍኖ ነበር። ጭንቅ ሲመጣ የሚከፍቱት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው በማንም ሹመት ላይ አልተጻፈም፣ ማንም አልመረጣቸውም፣ በማንም ፊት አይጠየቁም። የሚታወቅ በር ላይ የሚታወቅ በረኛ ይቆማል፤ ሲበድልም ይከሰሳል። የተሸፈነ በር በረኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሎውረንስ ሌሲግ የተባለው አሜሪካዊ የሕግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፉ ኮድ ሕግ ነው የሚለውን አነጋገር አስፋፍቷል። ዛሬ ብዙዎች እንደ መፈክር ያነሡታል። እርሱ ግን የተናገረው እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሕግ የሚገዛን ከሆነ፣ ጸሐፊዎቹ እነማን እንደሆኑና ለማን እንደሚጽፉ እንመልከት ማለቱ ነው። ማስጠንቀቂያ ወደ መፈክር ሲለወጥ አንድ ትውልድ የተነገረውን ገልብጦ ሰምቷል ማለት ነው።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕዝብ ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ዕርቃኑን ይወጣልና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ቢንስቶክ በተባለ ሌላ ማኅበር ላይ አንድ ሰው የማኅበሩን ገንዘብ ወደ ራሱ የሚያዛውር የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ከአንድ ቀን በኋላ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተበደረ፤ ብድሩ በዚያው ግብይት ውስጥ ተወስዶ በዚያው የሚመለስ ዓይነት ነው። በተበደረው ገንዘብ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘ፣ ውሳኔውን አጸደቀ፣ ካዝናውን አራገፈ፣ ብድሩን መለሰ። ማኅበሩ 182 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጣ። ለጥቂት ቅጽበት ያ ሰው ብቻውን አብላጫው ሕዝብ ነበረ። ነገሩን እንደ ማጭበርበር ብቻ አይተን ማለፍ አንችልም፤ ደንቡ የጠየቀውን ሁሉ አሟልቷል። ደንቡ ያልጠየቀው፣ ሊጠይቅም ያልቻለው፣ «ነገ ከእኛ ጋር ትኖራለህ ወይ?» የሚለውን ነው። አብላጫ ድምፅ የሚከበረው ቁጥሩ ስለሚበልጥ ብቻ አይመስለኝም። ያሸነፈው ሰው ከተሸናፊው ጋር በዚያው ምንጭ ውኃ የሚቀዳ፣ በዚያው ዕድር የሚቀበር ስለሆነም ነው።

የብሎክቼይን «ቼይን» ሰንሰለት ማለት ነው፤ ሰንሰለት ሲባል ግን የእኛ ሽማግሌዎች ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። በድሮው ዳኝነት ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይወጡ ነበር፤ መንገደኛውንም በሕግ አምላክ ብለው ያስቆሙትና «እየን፣ ዳኘን» ይሉታል። ያ ሰንሰለት ይመለስ የሚል የለም፤ ጨካኝ ነበር። ነገር ግን የሚያስረው ሰውን ከሰው ጋር ነበር። አበዳሪው የባለዕዳውን ረኃብ ያያል፤ ባለዕዳውም የአበዳሪውን ድካም። አዲሱ ሰንሰለት ገጽን ከገጽ ያስራል፤ ሰዎቹ ተፈትተዋል፣ አይተያዩምም።

ሰው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል። የተበደለ ሰውም ሲጮኽ «አቤት» ይላል። ጠሪና ተጠሪ፣ ተበዳይና ሰሚ፣ በአንድ ቃል ይገናኛሉ፤ አቤቱታ የምንለው ከዚህ የወጣ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ራሳቸውን የሚፈጽሙ ውሎችን መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል የመዝገብ ቤትን ግፍ በቤታቸው ያዩ ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ማስረጃ የሚጠብቅ መዝገብ ሥሩ፤ ድልዝ የማይቀበል አድርጋችሁ ሥሩት። ፍርድ የሚሰጥ ግን አታድርጉት። በምትጽፉት ውል ውስጥ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበትን ቦታ ክፈቱ፤ በዚያም ቦታ ስሙ የሚታወቅ፣ ሲያጠፋ የሚያምን ሰው ይቀመጥበት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተለያዩት ሁለቱ የኢቴሪየም መዝገቦች ዛሬም ጎን ለጎን ገጽ ይጨምራሉ። በአንዱ ገንዘቡ ለአዋጪዎቹ ተመልሷል። በሌላው የወሰደው ሰው እንደ ወሰደ ነው።